ሣጥኑ ገና እየተፈተነ ነው

እኔ ስናደድ ድምፄ ይጠፋል። ሌላው ሰው ሲናደድ ይጮሃል፣ ይራገማል፣ በር ያላትማል፤ እኔ ግን በተናደድኩ ቁጥር ትሑት እየሆንኩ እሄዳለሁ። ሚኒባስ ውስጥ እግሬን የረገጠኝን ሰውዬ "ይቅርታ" ብዬው አውቃለሁ። ዳቦ ቤት ተራዬን ለነጠቀችኝ ሴትዮ ዘንቢሏን ይዤላት አውቃለሁ። እናቴ "የዚች ልጅ ቁጣ ወደ ውስጥ ነው የሚፈሰው፤ አንድ ቀን ጎርፍ ሆኖ ይወጣል" ትላለች። ትምህርቴም ስድስተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ በክርክር የማይረታኝ ሰው የለም። መጻፍ ግን አያሳፍረኝም። ወረቀት ዓይን የለውም፣ አቋርጦም አይናገርም። ስለዚህ ጋሽ ደምሴን ፊት ለፊት ያላልኳቸውን ሁሉ እዚህ እላለሁ፤ እናንተ ፍረዱ።

ነገሩ የሣጥን ነው። ሣጥን የምንለው ከቡፌ የሚበልጥ፣ ከአልጋ የሚያንስ፣ አራት ቀጫጭን እግር ያለው የእንጨት ዕቃ ነው። መሐሉ ላይ በሁለት ትንንሽ በሮች የሚዘጋ ቴሌቪዥን አለው። በቀኙ ክዳኑ ወደ ላይ የሚከፈት ሸክላ ማጫወቻ፣ በግራው ሬዲዮ፣ ከታች ደግሞ ወርቃማ ጨርቅ የለበሰ ድምፅ ማጉያ አለ። ወታደር የነበረው አያቴ ነው ከሐርጌሳ በቶጎጫሌ በኩል በጭነት መኪና ያስመጣው። ያን ጊዜ የቴሌቪዥን ሞገድ ጅጅጋ አይደርስም ነበር። አያቴ ይህን የሰማው ከገዛ በኋላ ነው። ቢሆንም የሠፈሩ ሰው እየመጣ፣ እየተቀመጠ፣ መስታወቱ ላይ እንደ ጉንዳን የሚርመሰመሰውን ነጭና ጥቁር ሲያይ ያመሽ ነበር አሉ። አንዷ ጎረቤት ተነስታ ስትሄድ "ዛሬስ ከትናንቱ ይሻላል" ብላ አመስግናለች ይባላል።

ሸክላ ማጫወቻው ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አላሳፈረንም። ሽማግሌዎች አያቴ ዘንድ መጥተው እናቴን ለአባቴ ሲጠይቁ፣ አያቴ "እሺ" የምትለዋን ቃል በአፉ አላወጣም። ተነስቶ ክዳኑን ከፈተና የሠርግ ዘፈን ያለበትን ሸክላ አስቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ዘፈኑን ሲሰሙ ገባቸው፤ ተነስተው ተሳሳሙ። አክስቴም የተዳረችው እንዲሁ ነው። ከዚያ ወዲህ በኛ ቤት ልጅ የምትሰጠው በአፍ ሳይሆን በሸክላ ሆነ።

ታዲያ አንድ ቀን ሣጥኑ ዝም አለ። እናቴ ክዳኑን ከፈተች፣ ዘጋች፣ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። ዝም። በዚህ ጊዜ እጇን ወደ ላይ አንስታ "ይሄ ሣጥን እዚህ ቆሞ ሳይዘፍን ልጄን ለማንም አልሰጥም!" ብላ ማለች። እኔን ፈልጎ የመጣ ሰው ስላልነበረ መሐላው ማንንም አልጎዳም። ሰው በነፃነት የሚምለው እንዲህ ባለ ቀን ነው።

ሣጥኑን ጋሽ ደምሴ ዘንድ እንድወስድ ታዘዝኩ። ጋሽ ደምሴ ከጫት ተራ ፊት ለፊት ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ ጸጉራቸው የነጣ ሽማግሌ ናቸው። በሠፈራችን ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚያስታርቁ፣ ለልጅ ሚስት ሲጠየቅ ከፊት የሚቆሙ እሳቸው ናቸው። ምላሳቸው ማር ነው። እጃቸውን በተመለከተ ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ።

የሠፈራችን ባጃጅ ነጂ ዳዊት ሣጥኑን ዙሪያውን ዞሮ አየውና "ይገባል" አለኝ።

"አይገባም" አልኩ፤ በልቤ ነው ያልኩት።

"ጅጅጋ ውስጥ ባጃጅ የማይገባ ነገር የለም። ትናንት ሦስት ፍየል ከነባለቤቶቻቸው ጭኛለሁ" አለ።

ግማሹ ገባ። ግማሹ በጎን ወጥቶ ቀረ። እናቴ አቧራ እንዳይነካው ነጭ አንሶላ አለበሰችው፤ ዳዊት በገመድ ጠፍሮ አሰረው። ለእኔ መቀመጫ ስላልተረፈ እንዳይወድቅ እጄን ሣጥኑ ላይ አድርጌ በእግሬ ተከተልኩ። የጅጅጋን ነፋስ ታውቁታላችሁ፤ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ድረስ ተከናነብኩ። እስቲ አሁን ከመንገድ ማዶ ሆናችሁ እዩን፤ ቀስ ብላ የምትሄድ ባጃጅ፣ ነጭ የለበሰ ረጅም ሣጥን፣ ከኋላ አቀርቅራ የምትከተል ልጅ።

ሻይ የሚጠጡ ሰዎች ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ተነሱ። አንድ ባለሱቅ በሩን ገርበብ አደረገ። አንድ የሱማሌ ሽማግሌ "ኢና ሊላሂ" ብለው መዳፋቸውን ዘረጉ። እትዬ አስካለ የሚባሉ፣ ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ሴትዮ ሮጠው መጡና "ማን ነው ልጄ? ምን ነክቶት?" አሉኝ። "ቴሌቪዥን ነው" ማለት ሁለት ቃል ብቻ ነበር። ነገር ግን ያን ሁሉ ዓይን ሳይ አንገቴን ደፋሁ። እትዬ አስካለ አንገት መድፋቴን አይተው እዬዬአቸውን ለቀቁት። ሌሎችም ተከተሉ። ጋሽ ደምሴ ሱቅ ስንደርስ ግማሽ ሠፈር ከኋላዬ ነበር። ጋሽ ደምሴ ከወንበራቸው ተነስተው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሣጥኑን ያከበሩት ያን ቀን ብቻ ነው።

አንሶላው ሲገለጥ ለቀስተኛው ምን እንዳለ አልጽፈውም። እትዬ አስካለ ግን እስከ ዛሬ እንባዬን መልሺ በሚል ዓይን ያዩኛል።

ጋሽ ደምሴ የሣጥኑን ጀርባ ፈትተው ባትሪ አበሩበት። አጠገባቸው አደር ዩሱፍ ነበሩ። አደር በሱማሌኛ አጎት ማለት ነው፤ የጋሽ ደምሴ የጫት ጓደኛ ናቸው፣ ሥራቸው እዚያ መቀመጥ ነው።

"ልጄ፣ ይሄ ዕቃ አልተበላሸም። ደክሞታል" አሉ ጋሽ ደምሴ።

"መቼ ልምጣ?"

"ነገ።"

"በሪ፣ ኢንሻ አላህ" አሉ አደር ዩሱፍ። በሪም ነገ ማለት ነው። ነገን በሁለት ቋንቋ ተቀብዬ ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

በማግስቱ መብራት የለም ተባልኩ። እውነት ነበር፤ አልተናደድኩም። በሌላ ጊዜ መብራት ነበረ፣ መርፌው የለም፤ ከሐርጌሳ የሚመጣ ሰው ይዞት ይመጣል። ሰውየው መጣ፣ መርፌውን ረስቷል። መርፌው መጣ፣ ደግሞ ማዞሪያው ጎማ ሳስቷል። ከዚያ ዝናብ ሆነ፤ ዝናብ ከሸክላ ማጫወቻ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልጠየቅኩም። ብቻ "እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ ወጣሁ። እግዜር ምን እንዲሰጥልኝ እንደሆነ እሱ ይወቀው!

ቆይቶ ግን የጋሽ ደምሴ የሥራ ሰዓት ገባኝ። የጫት መኪናው ከባቢሌ በኩል ከመግባቱ በፊት ጋሽ ደምሴ ዓለም አስጠልቷቸው ይተክዛሉ፤ ብሎን መፍቻ ማንሳት ይቅርና ዝንብ አያባርሩም። ጫቱ ከመጣና ምርቃናው ከያዛቸው በኋላ ደግሞ ሣጥኑን ብቻ ሳይሆን የከተማውን ውሃ መስመር፣ የድንበሩን ንግድና የዓለምን ሰላም ሊጠግኑ ይነሳሉ፤ ሁሉንም ግን በአፋቸው ነው። ምርቃናው ሲወርድ ዝም ይላሉ፣ ይዘጋሉ፣ ይሄዳሉ። ታዲያ እጃቸው መቼ ነው የሚሠራው? እኔ ነኝ ስድስተኛ ክፍል የቀረሁት፣ የተማራችሁ አስሉልኝ።

በዚህ ሁሉ መመላለስ የሚያመላልሰኝ ዳዊት ነበር። በመጀመሪያ እሱ ብቻ ነበር የሚያወራው። በኋላ እኔም ጀመርኩ። ነገሩ ቀላል ነው፤ ባጃጅ ነጂ ወደ ፊት ነው የሚያየው። ሰው ጀርባውን ሲሰጠኝ መናገር እችላለሁ። በዳዊት ጀርባ ስለ እናቴ፣ ስለ ሥራዬ፣ ስለ ጋሽ ደምሴ ስንቱን አወራሁለት! ጋሽ ደምሴን እንደዚያ የሰደብኩበት ሌላ ቦታ የለም። ዳዊት ይስቃል፣ አልፎ አልፎም በመስታወቱ ያየኛል፤ ያን ጊዜ ዝም እላለሁ። መስታወቱን ሲመልሰው ደግሞ እቀጥላለሁ። መሐላውን ግን አልነገርኩትም። እንዴት ብዬ? "ምናልባት ልትጠይቀኝ ካሰብክ መጀመሪያ ሣጥን አሠራ" ልበለው?

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከገበያ ስመለስ በዚያ በኩል አለፍኩ። የማውቀው ዘፈን ሰማሁ። ቆምኩ። የእናቴ ሠርግ ዘፈን ነው!

መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። ሣጥናችን በክፍሉ መሐል ቆሟል። ዙሪያውን ፍራሽ ተነጥፎ ሰዎች በክርናቸው ተደግፈዋል። እናቴ በእጇ የሠራችው ዳንቴል ላይ የሻይ ፔርሙስ ተቀምጧል። ሸክላው ይዞራል። አደር ዩሱፍ ዓይናቸውን ጨፍነው አንገታቸውን ይወዘውዛሉ። ይህንስ ይሁን ልበል። ጋሽ ደምሴ እጃቸውን ዘርግተው የቴሌቪዥኑን ሁለት በሮች ከፈቱ። ቴሌቪዥን የለም! ባዶው ውስጥ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ጫት ተደርድሯል። አንድ እስር አወጡና በሮቹን መልሰው ዘጉ።

"ነይ ግቢ ልጄ" አሉኝ። "እየፈተንኩት ነው።"

"ቴሌቪዥኑስ?"

"አወጣሁት። ሙቀቱ እንጨቱን ይጎዳዋል። ያለ እሱ ደግሞ ውስጡ እንዴት ቀዝቃዛ መሰለሽ! ጫት እስከ ማታ አይጠወልግም።"

"ስንት ጊዜ ሆነው መዝፈን ከጀመረ?"

"ኧረ ቆይቷል" አሉ አደር ዩሱፍ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። "ግን ጥሩ ዕቃ በደንብ መፈተን አለበት።"

ደሜ ፈላ። ጆሮዬ ጮኸ። ልናገር አፌን ከፈትኩ። "ደህና ዋላችሁ?" አልኩ። ሻይ ሰጡኝ፣ ጠጣሁ፣ ብርጭቆውን አጥቤ መለስኩ፣ ሄድኩ።

በማግስቱ ለኤዶ ሳህራ ነገርኳት። ኤዶ በሱማሌኛ አክስት ማለት ነው፤ ገበያ ውስጥ የሴቶች ልብስ ትሸጣለች፣ እኔ ድሪያ የሚባለውን ሰፊ የሱማሌ ቀሚስ ጠርዙን እሰፋላታለሁ። ድምፅዋ ከገበያው አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ይሰማል፣ ጉምሩክ ጠባቂ እንኳ ይሸሻታል። ታሪኩን ስትሰማ ሜትሯን ወረወረች።

"ሻይ ጠጣሽ? ዕቃሽን ሰርቀው ሻይ ጠጣሽ?"

"ሰጡኝ እኮ።"

"ተቀመጪ እዚህ! ዛሬ እኔና ደምሴ!"

ሻርፗን አጥብቃ ሄደች። ልቤ በደስታ መታ፤ በመጨረሻ ቁጣዬ ባለቤት አገኘ። ጠበቅኩ። ሦስት ድሪያ ሰፍቼ ጨረስኩ። ኤዶ ሳህራ ስትመለስ ቀስ ብላ ነበር የምትራመደው፣ ዓይኗም እርጥብ ነበር።

"ምን አሉሽ?"

"የሱማሌ ሸክላ አላቸው" አለችኝ። "ልጅ ሆኜ እናቴ ስታዜመው የነበረ ዘፈን። ሁለት ጊዜ አጫወቱልኝ።"

"ሣጥኑስ?"

"በሪ፣ ብለዋል" አለችና መቀስ አነሳች። በሳምንቱ ደግሞ ከእናቷ የቀረ ሸክላ በፌስታል ጠቅልላ ስትወጣ አየኋት። ወዴት እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ሰው ከጠላቱ ይልቅ ጠበቃው ሲከዳው የበለጠ ይንገበገባል።

ይህ በሆነ ሰሞን ዳዊት ባጃጁን አቆመና ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሮ አየኝ።

"እሑድ ጠዋት ሽማግሌ ልልክ ነው" አለ። "እምቢ የምትይ ከሆነ አሁን ንገሪኝ።"

ፊት ለፊት ስለሆነ አፌ ተዘጋ። እሱ እንደሆነ ሁሌም ዝምታዬን ማንበብ ያውቃል፤ ፈገግ አለ።

"ማንን እንደምልክ ታውቂያለሽ? እዚያ ሱቅ አንቺን ስጠብቅ ከሰውየው ጋር ተግባብተናል። ጋሽ ደምሴን!"

ከጅጅጋ ሕዝብ ሁሉ ጋሽ ደምሴን!

እሑድ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ጋሽ ደምሴ ነጭ ጋቢ ለብሰው ከፊት፣ አደር ዩሱፍ ኮፍያና ከዘራቸውን ይዘው ከጎን፣ የዳዊት አጎት ከኋላ። እኔ እንደ ደንቡ ከመጋረጃ ጀርባ ነኝ። ጋሽ ደምሴ የቆሙት የት መሰላችሁ? ሣጥኑ የነበረበት ቦታ! ግድግዳው ላይ ቀለሙ ያልደበዘዘ ትልቅ አራት ማዕዘን ቀርቷል፤ እሳቸው ልክ በመሐሉ እንደ ፎቶ ቆመዋል።

"አረፍ በሉ እንጂ" አለች እናቴ።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም እመቤቴ።"

"ተናገሩ።"

ጋሽ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ማሩን አፈሰሱት። ልጃችሁን ለልጃችን፣ ዘመድ ልንሆን፣ ዳዊት እንዲህ ያለ፣ ዳዊት እንዲያ ያለ። ሲናገሩ ሰምቼ እኔ ራሴ ዳዊትን አዲስ ወደድኩት።

"ልጁን አውቀዋለሁ፣ ጨዋ ነው" አለች እናቴ። "ግን መሐላ አለብኝ። በዚህ ቤት ልጅ የምትሰጠው በሸክላ ነው። ሣጥኔ እዚህ ቆሞ ሳይዘፍን አልሰጥም ብያለሁ።"

"ሣጥኑ የት ሄደ?" አለ የዳዊት አጎት፤ የዋህ ሰው ነው።

"ለጥገና። አንድ የተከበረ ሰው ዘንድ ነው" አለች እናቴ፣ ዓይኗን ከጋሽ ደምሴ ላይ ሳትነቅል። "ነገ ይደርሳል ብለውናል።"

አደር ዩሱፍ ሳል ያዛቸው። ጋሽ ደምሴ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

"ሣጥኑ... ገና እየተፈተነ ነው" አሉ።

"አንተ ዘንድ ነው እንዴ?" አለ አጎትየው።

"እኔ ዘንድ ነው! ይሁንና!" ጋሽ ደምሴ ጣታቸውን አነሱ፤ ያለ ምርቃና እንዲህ ሲነሳሱ አይቼ አላውቅም። "እስቲ በእውነት እንነጋገር። እኔ ሣጥኑን በሳምንቱ ብመልሰው ኖሮ ይህች ልጅ የዳዊት ባጃጅ ላይ ትወጣ ነበር? ይተዋወቁ ነበር? ይህን ጋብቻ የሠራሁት እኔ ነኝ! በማዘግየት ነው የሠራሁት! ልመሰገን ሲገባኝ!"

ከስድብ ሁሉ የሚያቃጥለው እውነት ያለበት ነው። መጋረጃውን በጥርሴ ነከስኩት።

ጋሽ ደምሴ ድምፃቸውን መልሰው አለሰለሱ። "መሐላውን ቄስ ይፈታዋል። እንግዲህ እንደ ወጉ ቀጠሮ ስጪንና እንሂድ።"

እዚህ ላይ ወጉን አትርሱ። የሴት ወገን በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ "ዘመድ እናማክር፣ ተመለሱ" ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል። እናቴ አፏን ከፈተች። ግን ቀደምኳት። መጋረጃው ተገለጠ። የገለጥኩት እኔ ነኝ፤ እጄን ሳየው የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ።

"ነገ ይምጡ ጋሽ ደምሴ!" አልኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የምትጠየቅ ልጅ ከመጋረጃ ወጥታ ቀጠሮ ስትሰጥ በዚያ ሠፈር ታይቶ አይታወቅም። እናቴ አንድ ቀን ይወጣል ያለችው ጎርፍ ግን መጥቶ ነበርና ሊቆምልኝ አልቻለም።

"ነገ ሲመጡ መብራት የለም እንላለን። በሌላው ቀን አጎቴ ከሐርጌሳ አልመጣም እንላለን። ሲመጣ እሺታውን ረስቶት መጣ እንላለን። ከዚያ ዝናብ ነው እንላለን። በመጨረሻም ልጅቷ ገና እየተፈተነች ነው እንላለን! እናንተም በር ላይ ቆማችሁ እግዜር ይስጥልን ትላላችሁ!"

ጎርፉ ሲያልፍ ምን እንደጠራረገ ታየኝ፤ ያባረርኩት የገዛ ባሌን ሽማግሌዎች ነው። አደር ዩሱፍ ግን ጭናቸውን መቱና ሳቁ።

"ሀዬ! ደምሴ፣ ይቺ ልጅ ዲዳ ናት አላልከኝም ነበር?"

የጋሽ ደምሴ ምላስ ባዶ ሆኖ ያየሁት ያን ቀን ነው። ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ። እናቴ እንደ አዲስ ሰው ዞር ብላ አየችኝ፤ "ልጁን ግን ትወጂዋለሽ?" አለችኝ። መልሼ ከመጋረጃው ጀርባ ገባሁና ከዚያ ሆኜ "አዎ" አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት፣ ልብ በሉ፣ ጠዋት፣ የጫት መኪናው ገና ባቢሌን ሳያልፍ፣ ደጃችን ላይ ባጃጅ ቆመች። ሣጥኑ በዚያው ነጭ አንሶላ ተጠቅልሏል። ዳዊት ይነዳል፤ ሦስቱ ሽማግሌዎች እጃቸውን ሣጥኑ ላይ አድርገው በእግራቸው ይከተላሉ። ከማዶ እትዬ አስካለ አማተቡ።

"ያ ያለቀስኩለት ነው? ተነሣ እንዴ?"

ሣጥኑ በግድግዳው ላይ በቀረው ቀለም ልክ ቦታው ገባ። ሽማግሌዎቹ ቆመው ጠበቁ። እናቴ ክዳኑን ከፈተችና ሸክላውን አስቀመጠች። መጀመሪያ ተንሿሿ። ከዚያ ዘፈነ። ሙሽራዋ ከደጅ የምትወጣበት ቦታ ላይ ሲደርስ መርፌው እየተመለሰ እዚያው ላይ ቀረ፤ ሙሽራዋ ትወጣለች፣ ትመለሳለች፣ ትወጣለች። እናቴ በጣቷ ነካ ስታደርገው ሙሽራዋ ሄደች። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። እኔ የቴሌቪዥኑን በሮች ከፍቼ አየሁ፤ የደረቀ የጫት ቅጠልና አንድ የሻይ ብርጭቆ ነበር።

"ቴሌቪዥኑስ ጋሽ ደምሴ?" አልኩ።

"እሱማ ነገ" አሉ።

ተጋባን። እናቴ "ሣጥኑ ካንቺ ጋር ይሂድ" ስላለች አሁን ያለው የኛ ኪራይ ቤት ነው፤ ቤቱ አንድ ክፍል፣ ክፍሉም ግማሹ ሣጥን ነው። ዳዊት ልብሱን ቴሌቪዥኑ በነበረበት ያስቀምጣል፣ የባጃጅ ነጂ ሸሚዝ ጫት ጫት እንዲሸት ያደረገውን ሰው ስም አልደግምም።

በደሉ ያበቃ የመሰላችሁ አላወቃችሁም። ከሠርጉ በኋላ በነበረው ሳምንት፣ ከምሳ በኋላ፣ በራችን ተንኳኳ። ከፈትኩ። ጋሽ ደምሴ፣ አደር ዩሱፍ፣ ከኋላቸው ደግሞ ኤዶ ሳህራ ፌስታሏን ታቅፋ። ያመጣቸው ባጃጅ የማን እንደሆነ ልንገራችሁ? የባሌ! መሪውን ይዞ ወደ ፊት እያየ ሰማይ ላይ የጠፋ ነገር የሚፈልግ ይመስላል።

"ልጄ" አሉ ጋሽ ደምሴ፣ "ዕቃ ቦታ ሲለውጥ ድምፁ ይለወጣል። ልንፈትነው መጥተን ነው።"

ደሜ ፈላ። ያቺን እሑድ አስታወስኩ፤ ጎርፉ ሲመጣ ተሰማኝ። በሩን ያዝኩ፣ ደረቴን ነፋሁ፣ ሦስቱንም በየተራ ፊት ለፊት አየኋቸው፣ አፌን ከፈትኩ።

"ጫማችሁን አውልቁ" አልኳቸው።